የቡርቃው ደወል ለምን ዝም አለ

ወሬው የደረሰኝ ከሚሴ ካለችው ታናሽ እህቴ ከፋጡማ ነው። የእኛ ሚሊኒየም በተከበረ በዓመቱ ገደማ ይመስለኛል። እኔ ያኔም እንደ ዛሬው የምኖረው ኖርዌይ ውስጥ፣ ዝናብ በማይለያት አንዲት የወደብ ከተማ ነበር። ዝሁር ሰግጄ ወደ ወንበሬ ልመለስ ስል ስልኬ ጠራ። ፋጡማ ሰላምታ አታሳጥርም። «አካም ቡልቴ፣ እንዴት አደርሽ» ብላ ትጀምርና እንቅልፌን፣ ጤናዬን፣ ጎረቤቶቼን ጠይቃ ከብቶቼ ድረስ ትሄዳለች፤ ከብት እንደሌለኝ እያወቀች። የዚያን ቀን ግን ሰላምታውን ዘለለችው።

«ሐሊማን ከሥራ ሊያባርሯት ነው» አለችኝ። «ክትባቱ ተበላሽቶ ተገኘ። ደወሉ አልጮኸም ብትል ማን ይስማት? ማሽን አይዋሽም ይሏታል።»

ምን ማሽን እንደሆነ ጠየቅኋት።

«እኔ ምን አውቄ። ማቀዝቀዣው ላይ የተለጠፈች ነጭ ሳጥን ናት። ሙቀት ሲጨምር ትጮኻለች የተባለች። አንቺ እዚያ የምትሠሪው እንዲህ ያለ ነገር አይደለም እንዴ?»

ሐሊማ ከሚሴ ሳስተምር የሒሳብ ተማሪዬ ነበረች። በኋላ ነርስ ሆና፣ ስሙን የማልጠራው አንድ የረድኤት ድርጅት በጨፋ ሸለቆ፣ ቡርቃ በምትባል መንደር በከፈተው ክሊኒክ ተቀጥራ ትሠራ ነበር። ክትባት ከልኩ በላይ ከሞቀ ይበላሻል፤ ጠርሙሱ ግን ያው ስለሚመስል በዓይን አይታወቅም። ሳጥኗ የተገዛችው ለዚህ ነው። መብራት ጠፋ፣ መብራት መጣ፣ እንደገና ጠፋ፤ ማቀዝቀዣው ሞቀ፤ ሳጥኗ ግን ትንፍሽ አላለችም። ነገሩ የታወቀው ለቁጥጥር የመጣ ሰው በሌላ መለኪያ ሲያየው ነው። እስከዚያ የተወጉ ሕፃናት እንደገና መወጋት ነበረባቸው። ድርጅቱም አጥፊ ፈለገ። ያለችው ሐሊማ ብቻ ነበረች።

የሳጥኗን ስም ፋጡማ ከሐሊማ ተቀብላ ፊደል በፊደል እንድታነብልኝ አስደረግሁ። ሰምቼ አወቅሁት። ሠሪዎቹ የእኛ ደንበኞች ነበሩ።

ባለፈው ዓመት ጡረታ ወጣሁ። የወንድሞቼ ልጆች በስልክ «አክስቴ፣ ግን ሥራሽ በትክክል ምን ነበር?» እያሉ ይጠይቁኛል። ኮምፒውተር ነው ስላቸው አይበቃቸውም፤ እነሱ ዛሬ ኮምፒውተሩን በኪሳቸው ይዘው ነው የሚዞሩት። እንግዲህ ሥራዬ ኮምፓይለር መሥራት ነበር። ሰው ፕሮግራም የሚጽፈው ሰው በሚያነበው ቋንቋ ነው፤ ማሽኑ ያንን አይረዳም። ከሰውየው ቋንቋ ወደ ማሽኑ ቋንቋ የሚመልሰው ሌላ ፕሮግራም ኮምፓይለር ይባላል። በኦሮምኛና በአማርኛ መካከል ቆሜ ላደግሁ ልጅ አስተርጓሚነት እንግዳ ነገር አልነበረም። እናቴ ገበያ ላይ ዋጋውን በአንዱ ጀምራ በሌላው ትጨርስ ነበር።

መጀመሪያ መምህርት ነበርሁ፣ ከሚሴ። ዳይሬክተራችን ጠመኔ እየቆራረጠ የሚያድል ቆጣቢ ሰው ነበር፤ ከእሱ የተማርሁት በትንሽ ቦታ ብዙ መጻፍን ነው። መንግሥት ሲለወጥና ዞኑ ሲቋቋም፣ ሒሳብ የሚያውቅ ሰው ለኮምፒውተር ሥልጠና ይፈለጋል ተባለና አዲስ አበባ ተላክሁ። እዚያ የነበሩት አለቃዬ ማሽኑን ከአቧራ ለመጠበቅ በጋቢ የሚሸፍኑ፣ በጋቢው ላይ ደግሞ ሌላ ጨርቅ የሚደርቡ አዛውንት ነበሩ። ደሞዙ ከመምህርነቱ የሚበልጠው በአንድ ጥንድ ጫማ ያህል ነው። ከዚያ የትምህርት ዕድል መጣ፤ ብርድ አገር ሄድሁ፤ ትምህርቱ ሲያልቅ በአንድ ረጅም ጠረጴዛ ዙሪያ የሚበቃ ሠራተኛ ያለው ድርጅት ቀጠረኝ። ለትናንሽ ማሽኖች፣ ለሚዛን፣ ለውኃ ቆጣሪ፣ ለእንዲህ ያሉ ነጫጭ ሳጥኖች፣ ኮምፓይለር ይሠራ ነበር።

ሥራውን ያስተማረኝ አርቪድ የሚባል ረጅም፣ ጎበጥ ያለ ሽማግሌ ነው። የተበላሸ ነገር ሲመጣለት መጀመሪያ የሚያደርገው ሁለት እጁን ኪሱ መክተት ነበር። እንደዚያው ቆሞ ያያል። መብራቱ ምን ቀለም ነው፣ ምን ያህል ሞቋል፣ ስክሪኑ ላይ የቀረው የመጨረሻ ቃል ምንድን ነው፣ ገመዱ የት ተሰክቷል፣ ሁሉንም በቃሉ ይዘረዝራል። ያየውን ተናግሮ ሳይጨርስ እጁ ከኪሱ አይወጣም። እኛ ቁልፍ ልንነካ ስንል በክርኑ ገፋ ያደርገናል።

«ከነካሽው በኋላ የምታዪው የነካሽውን ነው» ይለኝ ነበር። «የታመመውን ማየት ከፈለግሽ ቆዪ።»

ሌላም ልማድ ነበረው። ሊያውቅ የሚገባው ያልመሰለው ነገር አልነበረም። እዚያ አገር በበጋ ፀሐይ ለመጥለቅ ትለግማለች፤ የመጀመሪያው ክረምቴ አልፎ በጋ ሲመጣ «ታዲያ የማታውን ሶላት መቼ ነው የምትሰግጂው?» አለኝ። ዑለማዎቹ የሰጡትን መልስ ነገርሁት። ወረቀት አምጥቶ የፀሐይዋን መንገድ ሣለና፣ መልሱ ከቦታ ቦታ የት ላይ እንደሚለወጥ ሲያሰላ ምሳውን ረሳ። በሳምንቱ የዕቃ ክፍሏን ካርቶኖች ወደ ጥግ ገፍቶ ንጹሕ ምንጣፍ አንጥፎባት አገኘሁ።

ፋጡማ በደወለችበት ጊዜ እኔና አርቪድ አንድ አዲስ ነገር ጀምረን ነበር። ፕሮግራም እየሠራ ሳለ በሜሞሪ ላይ የሚያደርሰውን ጥፋት እዚያው የሚይዝ ጥበቃ በኮምፓይለሩ ውስጥ መጨመር ነው። አለቆቻችን ልባቸው አልወደደውም፤ ፕሮግራምን የሚያዘገይ ኮምፓይለር ማን ይገዛል ይሉ ነበር።

ጥፋቱ ምን ዓይነት እንደሆነ ላስረዳ። የማሽን ሜሞሪ በጨፋ ሸለቆ ከቦርከና ወንዝ ዳር እንዳለው መሬት ነው። እያንዳንዱ ነገር የራሱ ማሳ አለው፤ ለስም ይህን ያህል፣ ለቁጥር ይህን ያህል። ማሳዎቹ ግን ተነካክተው ያለ ወሰን ይተኛሉ። ለስም ከተሰጠው ቦታ የረዘመ ስም ከመጣ የተረፈው ፊደል ጎረቤቱ ማሳ ላይ ይዘራል። ማንም አይጮኽም። ጎረቤቱ የነበረው ቁጥር ይጠፋል፤ በቁጥሩ ፋንታ ፊደል ይበቅላል፤ ማሽኑም ያንን ፊደል ቁጥር ነው ብሎ ያነበዋል። ድንበር መግፋት ማለት ይህ ነው። ገፊው ሳይሆን የተገፋው ነው የሚታመመው፤ ስለዚህ በሽታው የሚታየው ከጥፋቱ ርቆ ነው።

ሁለተኛም ዓይነት አለ። በሸለቆው አዝመራ ሲሰበሰብ ማሳው ከአፋር በረሃ ለሚመጡ ከብቶች ይከፈታል፤ ገለባው የእንግዳው ነው። ፕሮግራምም ቦታ ይወስድና ሲጨርስ ይመልሳል፤ ቦታው ለሌላ ይሰጣል። ጥፋቱ የሚመጣው የመለሰው ሰው ረስቶ ወደ ድሮ ማሳው ሲሄድና ዛሬም የእሱ እንደሆነ አድርጎ ሲያርስ ነው። ለዚህኛው መድኃኒቱ የተመለሰውን ቦታ ቶሎ ለሌላ አለመስጠት፣ ለጥቂት ጊዜ ጦም ማሳደርና ማን እንደሚረግጠው መጠበቅ ነው። ትንሽ ማሽን ግን ጦም የሚያድር መሬት ስለሌላት ይህን ለጊዜው ተውነው።

ለመጀመሪያው የሠራነው እንዲህ ነው። በማሳዎቹ መካከል የማይታረስ ወሰን ተውን። ከዚያ ፕሮግራሙ አንድ ነገር ሜሞሪ ላይ ሊጽፍ በተነሣ ቁጥር «የምትረግጠው ያንተ ነው?» ብሎ የሚጠይቅ ዘበኛ ኮምፓይለሩ ራሱ እንዲያቆም አደረግን። ፕሮግራሙን የጻፈው ሰው ምንም አይነካም፤ ዘበኞቹን የምናስገባው እኛ ስንተረጉመው ነው።

መጀመሪያ ሞከርነው፤ ዘበኞቹ የሉም። አስገብተናቸዋል፣ ግን የሉም። ይህ ነገር ለብዙ ጊዜ ግራ ሲያጋባን ኖሮ በመጨረሻ ስናየው ሳቅን። ኮምፓይለር ውስጥ ፕሮግራሙን የሚያቀላጥፍ፣ ጥቅም የሌለውን እያነሣ የሚጥል ክፍል አለ። የቋንቋው ሕግ ማንም ድንበር አያልፍም ይላል። ያ ክፍል ሕጉን አነበበና «ማንም ካላለፈ፣ ያለፈ አለ ወይ ብሎ የሚጠይቅ ዘበኛ ሥራ የለውም» ብሎ ሁሉንም አሰናበታቸው። ስርቆት በሕግ ስለተከለከለ ዘበኛ አያስፈልግም እንደማለት ነው። ስለዚህ አቀላጣፊው ሥራውን ጨርሶ ከወጣ በኋላ ዘበኞቹን ማስገባት ጀመርን። ሌላም ቀዳዳ ነበር። ጽሑፍ ከቦታ ወደ ቦታ የሚገለብጡ፣ ቀድመው ተተርጉመው የተቀመጡ ክፍሎች ነበሩ፤ እነሱን እኛ ስለማንተረጉማቸው ዘበኛ የላቸውም። አርቪድ «ደጁን እየጠበቅን ጓሮውን ክፍት ትተናል» አለና እነሱን እንደገና ጻፋቸው።

የፋጡማን ወሬ ለአርቪድ ነገርሁት። ሳጥኗን የሠሩት ሰዎች ቀደም ብለው ከሌላም አገር እንዲህ ያለ አቤቱታ ደርሷቸው ነበር። ሳጥኑን ሁሉ ያስመልሳሉ፣ ይፈትሻሉ፤ ደህና ነው። የሐሊማንም ሳጥን አስመልሰው ደህና ነው ብለው ነበር፤ ምትኩንም አዲስ ልከውላታል። አርቪድ ለሠሪዎቹ ደወለና አንድ ነገር ብቻ ጠየቀ፦ ሳጥኑ ሲመለስ በመጀመሪያ ምን ታደርጋላችሁ? ያለውን መረጃ አጥፍተን እንደ አዲስ እናስነሣዋለን አሉት። ስልኩን ዘጋና ሁለት እጁን ኪሱ ከተተ።

«በሽተኛውን አጥበው ነው የሚመረምሩት» አለ።

ሂጂ ተባልሁ። ሠሪዎቹ የፕሮግራሙን ጽሑፍ ሰጡን፤ በዘበኞች ጠብቀን ተረጎምነው፤ ሳጥኗ ከሐሊማ ማቀዝቀዣ ሳትነሣ እዚያው እንድሞክራት ተወሰነ። ከአዲስ አበባ በሚኒባስ ወጣሁ። ሰንበቴ ስንደርስ የገበያ ቀን ስለነበር መንገዱ በግመልና በፍየል ተዘግቶ ቆምን። አጠገቤ የተቀመጡት ሰውዬ ላፕቶፔን አይተው ለምን እንደመጣሁ ጠየቁኝ። ክትባት የሚጠብቅ ማሽን ልመረምር ነው ስላቸው «እንዴ፣ ያቺ የቡርቃዋ ነርስ ያቃጠለችውን ነው?» አሉ። ሐሊማን አያውቋትም። ስሟን እንኳ አያውቁም። ወሬው ግን ሰንበቴ ደርሶ ነበር።

በነጋታው ባጃጅ ይዤ ቡርቃ ሄድሁ። የክሊኒኩ ኃላፊ አቶ ጌታሁን ይባላሉ፤ ከሸዋ በኩል የመጡ፣ ቀጠን ያሉ፣ ትሕትና ያላቸው ሰው ናቸው። ዋናው ቢሮ በየቀኑ እየደወለ አጥፊውን አሳውቁን ይላቸዋል። በግቢው ዳስ ጥለው ሽማግሌዎችን፣ ልጆቻቸው የተወጉባቸውን እናቶች፣ የሐሊማን ቤተሰብ ጠርተዋል። እኔ ብቻዬን መሥራት ነበር የምፈልገው፤ ሰውን ግን መመለስ አይሆንም። ሐሊማ ከሴቶቹ ጋር ተቀምጣለች። ሳቅ የማታውቅ ልጅ አልነበረችም፤ የዚያን ቀን ሰላም ስትለኝ እጇ ቀዝቃዛ ነበር።

የተጠበቀውን ፕሮግራም ሳጥኗ ላይ ጫንሁ። ሲጫን የነበረው መረጃ ስለሚጠፋ እንደ አዲስ ማስተካከል ያስፈልጋል፤ ዞኑን ከዝርዝር መረጥሁ፣ የቦታው ስም ሲል ደግሞ «ቡርቃ» ብዬ ጻፍሁ። መብራት ነቀልሁ። ጠበቅን። መልሼ ሰካሁ። በሳጥኗና በላፕቶፔ መካከል ገመድ አለ፤ ዘበኛ አንድ ነገር ከያዘ በዚያ ይናገራል። ምንም አልተናገረም። መለኪያውን በእጄ ጨብጬ አሞቅሁት፤ ሳጥኗ ጮኸች፣ በጊዜዋ፣ በልኳ። ደጋግሜ ሞከርሁ። ሁልጊዜ ትጮኻለች።

አቶ ጌታሁን ምን አገኙ አሉኝ።

«ምንም አላገኘሁም» አልሁ።

ምስክርነት ከባድ ነገር ነው፤ ካየሁት በላይ ላለመናገር ቃሌን መርጬ ነበር። እሳቸው ግን ወደ ሰዉ ዞረው «ማሽኑ ንጹሕ ነው» አሉ። አንድ ሽማግሌ በኦሮምኛ ደገሙት። ከዳሱ ሥር አንድ ድምፅ ብቻ «አላህ ይወቀው» አለ፤ ሌላው ተነሥቶ መበተን ጀመረ። አላገኘሁምና የለም አንድ እንዳልሆኑ ለማስረዳት አፌን ከፈትሁ፤ ግን ሰው ጫማውን እየፈለገ ነበር። ዘበኛ የሚይዘው ፊቱ የተፈጸመውን ጥፋት ነው። ፕሮግራሙ በዚያ መንገድ ካልሄደ ዘበኛው ሲያንቀላፋና ሲነቃ ልዩነት የለውም። ይህን እኔ አውቃለሁ። ዳሱ ሥር ያለው ሰው የሰማው ግን ከውጭ አገር የመጣችው መሐንዲስ ማሽኑን ነጻ እንዳወጣችው ነው። ሐሊማ የዚያኑ ዕለት ከሥራ ታገደች።

በማግስቱ ከፋጡማ ቤት ለአርቪድ ደወልሁ። የሠራሁትን በተራ ነገርሁት። አላቋረጠኝም።

«ሳጥኗን ስታስተካክዪ እጅሽ የት ነበር?» አለኝ።

«ቁልፎቹ ላይ።»

«የነርሷስ እጅ?»

ሐሊማ ሴቶቹ መካከል ተቀምጣ፣ እጇን ነጠላዋ ውስጥ አጣጥፋ ነበር። ከተጫነው ፕሮግራም በስተቀር ሁሉም የእኔ ሥራ ነበር። የታመመው ሐሊማ ያስተካከለችው ሳጥን፣ የመረመርሁት እኔ ያስተካከልሁት ሳጥን።

አቶ ጌታሁንን አንድ ጊዜ ብቻ ብዬ ለመንኋቸው። ሰው ሁሉ ሰምቶ ካበቃ በኋላ ምን ይጠቅማል አሉ፤ ግን እምቢ አላሉም። ዳሱ ፈርሷል። ከእሳቸውና ከእኔ ሌላ ሐሊማና የግቢው ዘበኛ ብቻ ነበሩ።

«ያኔ እንዳደረግሽው አድርጊው» አልኋት። «እኔ እንደሌለሁ ቁጠሪው።»

«አንቱ እያዩኝ፣ ቲቸር፣ እንዴት እንደሌሉ ልቁጠር?» አለች። የተማሪነቷን ሳቅ ያየሁት ያኔ ነው።

እኔ ያስተካከልሁትን አጥፍታ ዞኑን መረጠች። የቦታው ስም ሲል መጻፍ ጀመረች፤ ጻፈች፣ ጻፈች። «ቡርቃ የሐጂ ይመር ዋርካ ማዶ» ብላ አበቃች። ለምን ይህን ሁሉ እንደጻፈች ጠየቅኋት። ገርሟት አየችኝ፤ እኔም ከጠየቅሁ በኋላ አፈርሁ። ቡርቃ በኦሮምኛ ምንጭ ነው። በሸለቆው ውኃ በፈለቀበት ሁሉ ቡርቃ የሚባል መንደር አለ፤ ስለዚህ ሰው የትኛው እንደሆነ በዛፉና በባለ ዛፉ ስም ይለያል። አንድ ጊዜ የክትባት ሳጥን ወደ ሌላው ቡርቃ ሄዶባት ነበርና ከዚያ ወዲህ ሙሉውን ሳትጽፍ አታልፍም። እኔ ተወላጇ ግን ዳሱ ሥር የተቀመጠው ሰው ሁሉ የትኛው ቡርቃ እንደሆነ ስለሚያውቅ አሳጥሬ ጻፍሁ። የውጭ ሰው ቢሆን ኖሮ ሙሉውን ጠይቆ ይጽፍ ነበር።

ሳጥኗ ስሙን ተቀበለች። መብራቱን ነቀለችው፤ መልሳ ሰካችው። ላፕቶፔ ላይ ወዲያው ቀይ መስመር ወጣ፦ ድንበር ታልፏል፤ በዚህ መስመር ላይ፣ ለስም ከተሰጠው ቦታ ወጥቶ፣ ይህን ያህል። ከስሙ ቦታ ቀጥሎ የተተወውን ወሰን ለማየት ሄድሁ፤ ዘበኛው ይናገራል እንጂ አያግድምና ከሐጂ ይመር ዋርካ የተረፉ ፊደላት ወሰኑ ላይ ተዘርተው አገኘኋቸው። በተለመደው ፕሮግራም ወሰን የለም። በዚያ ቦታ ያለው የደወሉ ልክ፣ ስንት ሲሞቅ ልጩኽ የሚለው ቁጥር ነው። ፊደሎቹ ቁጥር ሆነው ሲነበቡ ሳጥኗ ከእሳት የባሰ ሙቀት እስኪመጣ ዝም እንድትል ታዘዘች ማለት ነው።

ግን ሳጥኗ ስሙን ስትቀበል ለክታው ነበር፤ ለምን ያኔ አልተያዘም? ይህ ነው ከሁሉ የደነቀኝ። ስሙን የሚቀበለው ክፍል በጥንቃቄ ይለካል፤ የሐሊማ ስም ከልኩ ለጥቂት ሳያልፍ ነው የገባው። በኋላ ሌላ ሰው፣ መብራት ተመልሶ ሲመጣ የዞኑ ስም ከቦታው ስም ፊት እንዲቀጠል አደረገ። ብዙ ቦታ የዞኑ ስም አጭር ነው፤ የእኛ «የኦሮሞ ብሔረሰብ አስተዳደር ዞን» ነው። ሁለቱም ሰዎች የየራሳቸውን ለክተዋል፤ ድምሩን የለካ የለም። ረጅም የዞን ስምና የሰው ጥንቃቄ በእኛ አገር በአንድ ላይ የተገናኙት ደግሞ ቡርቃ ላይ ነው። ሳጥኑ ተመልሶ ሲመጣ ሠሪዎቹ በመጀመሪያ የሚያጠፉት ይህንኑ ስም ነበር።

ለአቶ ጌታሁን እንዲህ ብዬ አስረዳኋቸው። ሁለት ጊዜ አስደገሙኝ። ሦስተኛውን ራሳቸው ለግቢው ዘበኛ ሲያስረዱት ሰማሁ፤ በትክክል ነው ያስረዱት።

ሐሊማ ግን ፊቷ ጠቆረ። «እንግዲያው አጥፊዋ እኔው ነኝ» አለች። «ባሳጥረው ኖሮ...»

«ሳጥኑ ስም አምጪ አለሽ፣ ሰጠሽው» አልኋት። «ተቀብሎ ማስቀመጫ ያጣው እሱ ነው።»

«የሐጂ ይመር ዋርካስ?» አሉ አቶ ጌታሁን። «እሱንም ከሥራ እናግደው እንዴ?»

የግቢው ዘበኛ ዋርካውን አይቶ «እሱ ከእኛ ሁሉ በፊት የተቀጠረ ነው፤ አይነካም» አለ። ሐሊማ በእንባዋ መካከል ሳቀች።

ሠሪዎቹ ስህተቱን አምነው አረሙት፤ በሌሎች አገሮች ያሉትንም ሳጥኖች አደሱ። ሐሊማ ወደ ሥራዋ ተመለሰች። ጥፋቱ የእሷ አለመሆኑን ለዋናው ቢሮ ያስታወቀው ደብዳቤ አጭርና ጨዋ ነበር። የእኛም ጥበቃ ከዚያ ወዲህ በኮምፓይለሩ ውስጥ ቋሚ ሆነ፤ አለቆቹ ማዘግየቱን ረሱት። አርቪድ ከእኔ በፊት ጡረታ ወጣ። ከዓመታት በኋላ ትልልቆቹና በነጻ የሚታደሉት ኮምፓይለሮች ከእኛ የተሻለ፣ ሁለተኛውንም ዓይነት ጥፋት የሚይዝ ጥበቃ ይዘው መጡ። አንብቤ ደስ አለኝ። ወሰኑን እንዴት እንደሚተዉት፣ ዘበኞቹን መቼ እንደሚያስገቡ፣ እያንዳንዱን ስመለከት እኛ የተንገዳገድንበትን ቦታ እነሱም ተንገዳግደውበት እንደሆነ እጠይቅ ነበር። ድርጅታችን የራሱን ኮምፓይለር መሥራት አቆመ፤ እኔም ጊዜዬ ደርሶ ወጣሁ፣ አልሐምዱሊላህ።

እስካሁን የምጠይቀው አንድ ነገር ግን አለ፤ የማሽን ነገር አይደለም። ፋጡማ በቅርቡ ስትነግረኝ፣ ሐሊማ ዛሬም ቡርቃ ናት፤ ከሁለት መንደር የሚመጡ እናቶች ግን ልጆቻቸውን ይዘው ክሊኒኳን አልፈው ከሚሴ ድረስ ይሄዳሉ። ምክንያቱን ሲጠየቁ ሰምተን ነው ይላሉ። ከማን እንደሰሙ አያስታውሱም። ሐሊማ ስለዚህ ነገር ለማንም አታማርርም፤ ግን የበጋ ፀሐይ ላይ ሕፃን አዝሎ ያን መንገድ መሄድ ምን እንደሆነ ሸለቆውን የሚያውቅ ያውቃል።

እንግዲህ በዚያ ቀን ዳሱ ሥር ለነበራችሁት ልናገር፤ ከመካከላችሁ ይህን የሚያነብ ወይም የሚነበብለት ይኖራል ብዬ ነው። እናንተ የመጀመሪያውን ሙከራ አይታችሁ ተነሣችሁ። ሁለተኛው ሲደረግ አልነበራችሁም፤ የጠራችሁም የለም። በሁለተኛው ያየሁትን በዓይኔ አይቻለሁ፤ አላህ ምስክሬ ነው፤ ደወሉ ዝም ያለው ከሳጥኗ ጥፋት እንጂ ከሐሊማ አይደለም። የመጀመሪያውን ወሬ ለማን እንደነገራችሁ፣ በየትኛው ገበያ፣ በየትኛው የዱዓ ቤት፣ በየትኛው ሚኒባስ እንደነገራችሁ እኔ አላውቅም፤ የምታውቁት እናንተ ናችሁ። አደራችሁን፣ ሁለተኛውንም ሂዳችሁ ለእነዚያው ሰዎች ንገሩልኝ።